በአንድ ዝርግ ላይ መቶ ቅይጥ፦ የሃይድሮጅን ማከማቻዎችን በብርሃን ስንፈትሽ የያዝነው ማስታወሻ

ማግኒዥየም በክብደት 7.6 በመቶ ሃይድሮጅን ይይዛል፤ ነገር ግን ጠበቅ አድርጎ ስለሚይዘው በ1 ባር ግፊት ለማስለቀቅ 280 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይፈልጋል። አንድ እጅ ላንታነምና አምስት እጅ ኒኬል ያለበት ቅይጥ ደግሞ በክፍል ሙቀት በቀላሉ ይለቃል፣ የሚይዘው ግን 1.4 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በሁለቱ መካከል የሚገኘውን ቅይጥ አንድ በአንድ እያቀለጡና እየፈጩ መፈለግ ማለቂያ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2007 በአምስተርዳም ፍራዬ ዩኒቨርሲቲ በማግኒዥየም፣ ታይታኒየምና ኒኬል ላይ የታየው ሃይድሮጅኖግራፊ መንገዱን ያሳጥራል፦ ቅንብሩ ከዳር እስከ ዳር የሚለያይ ስስ ሽፋን ይሠራል፣ ግፊቱ ቀስ በቀስ ይጨመራል፣ ካሜራ የትኛው ነጥብ መቼ ብርሃን ማሳለፍ እንደጀመረ ይመዘግባል።

ሽፋኑ በኳርትዝ ዝርግ ላይ 50 ናኖሜትር ያህል ይበቃል። ቫክዩሙ ሳይከፈት 10 ናኖሜትር ፓላዲየም ይደረብበታል፤ የሃይድሮጅን ሞለኪውልን የሚሰነጥቀውም፣ ኦክስጅንን የሚከለክለውም እሱ ነው። ሲሞቅ ግን ፓላዲየም ከማግኒዥየም ጋር ይዋሃዳል፣ ሃይድሮጅን በመሳብና በመልቀቅ ዙር ቁጥርም ውጤቱ ይንሸራተታል። በመካከላቸው የሚገባ ጥቂት ናኖሜትር ታይታኒየም ይህን በእጅጉ ያዘገየዋል። በዚያው ዝርግ ጥግ ላይ ፓላዲየም ብቻ ያለበት ቦታ መተው አይረሳ፤ ፓላዲየም ራሱ ሃይድሮጅን ሲስብ የብርሃን ማሳለፉ ስለሚለወጥ መቀነስ አለበት። ሌላ ባዶ ቦታ ደግሞ ለመብራቱ መዋዠቅ ማስተካከያ ይሁን፤ እያንዳንዱ ምስል በእሱ ይካፈላል። የካሜራው አውቶማቲክ የብርሃን ማስተካከያና ጋማ (ብሩህነትን የሚያጣምመው ማስተካከያ) መጥፋት አለባቸው፣ አለበለዚያ በኋላ የምንወስደው የማሳለፉ ሎጋሪዝም ትርጉም የለውም።

ብረቱ ብርሃን ይከለክላል፣ ሃይድራይዱ (ብረቱ ከሃይድሮጅን ጋር ሲዋሃድ የሚሆነው) ያሳልፋል። ለማግኒዥየም የማሳለፉ ሎጋሪዝም ከተያዘው ሃይድሮጅን መጠን ጋር በቀጥታ ይሄዳል። ኒኬል ሲበዛ ግን ይህን ማመን አደገኛ ነው፦ ሁለት እጅ ማግኒዥየምና አንድ እጅ ኒኬል ባለበት ቅይጥ ሃይድራይዱ መጀመሪያ የሚበቅለው ከዝርጉ በኩል ስለሆነ፣ ሽፋኑ በመሃል ጠቁሮ ብርሃን ይውጣል። እዚያ ላይ የፕላቶውን ግፊት (ቅይጡ ወደ ሃይድራይድ የሚለወጥበትን ግፊት) ብቻ አንብቡ፣ መጠኑን ተዉት።

ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው የግፊት እርከን ነው። ለምሳሌ ከ1 ሚሊባር ተነስቶ እያንዳንዱን እርከን በ1.3 ማባዛት ጥሩ ነው፤ በእያንዳንዱ ላይ ለተወሰነ ደቂቃ ብቻ መቆየት ግን ስህተት ነው። ዝግ ያለ ቅይጥ ሳይጨርስ ግፊቱ ካለፈው የሚቀየረው ከፍ ባለው እርከን ላይ ይሆናል፤ ያኔ ዘገምተኛው ሃይድሮጅንን ልል አድርጎ የሚይዝ መስሎ ይታያል፣ ማለትም የፍጥነት ጉድለት የኤንታልፒ (ሃይድራይዱ ሲፈጠር ያለው የሙቀት ለውጥ፣ የትስስሩ ጥንካሬ ልክ) መልክ ይይዛል። ወደ ቀጣዩ መሄድ ያለብን የመጨረሻው ዘገምተኛ ፒክስል ለውጥ ከካሜራው ጩኸት (ከምስሉ የዘፈቀደ መዋዠቅ) በታች ሲወርድ ነው። ሌሊቱን ቢወስድም ይውሰድ፤ መቶ ቅይጥ አንድ ላይ ስለሚጠብቅ ኪሳራ የለውም።

ማረጋገጫውም ከዚያው ዳታ ይገኛል። ቢያንስ በአራት ሙቀቶች ተለክቶ የፕላቶው ግፊት ሎጋሪዝም ከ1 በኬልቪን ሙቀት ሲካፈል ከሚገኘው ጋር ሲሳል፣ ተዳፋቱ ኤንታልፒን፣ መቁረጫው ኤንትሮፒን (የሥርዓት አልባነት ለውጥን) ይሰጣል። ኤንትሮፒው በሞል ሃይድሮጅን ከ130 ጁል በኬልቪን አካባቢ ካልሆነ፣ ለምሳሌ 90 ወይም 170 ከወጣ፣ ኤንታልፒው የቱንም ያህል ቢያምር አይታመን። መስመሩ በቀዝቃዛው ጫፍ ከጎበጠም ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ያልተጠበቀ እርከን ነው።

ሙቀቱን ከማሞቂያው ሳይሆን ከዝርጉ ላይ ለኩ። በ200 ዲግሪ የ1 ዲግሪ ስህተት የማግኒዥየምን ፕላቶ 4 በመቶ ያህል ያንቀሳቅሳል። ሃይድሮጅን ሙቀት የሚያስተላልፈው ከአርጎን አሥር እጥፍ ያህል ስለሆነ፣ ጋዙ ሲለወጥ ዝርጉ ይቀዘቅዛል። ግፊትን በጋዙ ሙቀት ማስተላለፍ የሚለካው የፒራኒ መለኪያ በጋዙ ዓይነት ስለሚለዋወጥ፣ ለግፊት የካፓሲታንስ መለኪያ ይሻላል። ሃይድሮጅን በአየር ውስጥ ከ4 በመቶ ጀምሮ ስለሚቀጣጠል በአርጎን የተበረዘ ጋዝ ለጀማሪ ይመከራል፤ 4 በመቶው ድብልቅ በ1 ባር የሚሰጠው 40 ሚሊባር ሃይድሮጅን መሆኑን ግን በሂሳቡ ውስጥ አስገቡ።

የመጀመሪያው ዙር ማንቂያ ነው፣ አይቆጠርም። ከዚያ በኋላ መሳቡም መልቀቁም ይለካ። ሽፋኑ ከዝርጉ ጋር ስለተጣበቀ እንደልቡ አይሰፋም፤ ማግኒዥየም ደግሞ ሃይድራይድ ሲሆን መጠኑ 30 በመቶ ያህል ያድጋል። ስለዚህ የመሳቢያው ፕላቶ ከዚያው ቅይጥ ዱቄት ከፍ ብሎ ይወጣል።

በ1 ባርና በክፍል ሙቀት የሚለቅ ቅይጥ ኤንታልፒው በሞል ሃይድሮጅን ኔጌቲቭ 39 ኪሎጁል አካባቢ ነው። በዚህ አጠገብ የወደቁትን ሦስት አራት ቅንብሮች በዱቄት መልክ ሠርተን የተሳበውን ጋዝ ከግፊት ለውጥ በሚያሰላው በሲቨርትስ መሣሪያ እንለካቸዋለን፤ የሚይዙትን የክብደት በመቶ የምንጽፈው ከዚያ ብቻ ነው።