ባዶ የወጣውን መቁጠር፦ ጅማ ላይ ነርቭን በላፕቶፕ

ነርቭ ሴል ኬሚካሉን እንዴት እንደሚለቅ ጅማ ላይ ሆኜ ማጥናት ስጀምር በእጄ የነበረው ላፕቶፕና ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። የሴልን ኤሌክትሪክ የሚለካው መሣሪያ ውድ ነው። ስለዚህ ሲሙሌሽን ልሥራ፣ በኮምፒውተር ላስመስለው አልኩ።

መነሻዬ የነርቭ ተመራማሪው በርናርድ ካትዝ ነው። በ1952 እ.ኤ.አ. እሱና ፖል ፋት የእንቁራሪት ነርቭና ጡንቻ በሚገናኙበት ቦታ፣ ነርቩን ማንም ሳይቀሰቅሰው፣ ግማሽ ሚሊቮልት ገደማ የሆኑ ምልክቶች ብልጭ እንደሚሉ ጻፉ። በ1954 ደግሞ ከሆሴ ዴል ካስቲዮ ጋር ትልቁም ምልክት የእነዚሁ ድምር መሆኑን አሳየ። አሴቲልኮሊን፣ ማለትም ነርቩ ጡንቻውን የሚያዝበት ኬሚካል፣ የሚወጣው በእሽግ በእሽግ ነው ማለት ነው።

ይህን ለማየት ልቀቱን የሚያስነሳውን ካልሲየም ቀንሰው የሚያግደውን ማግኒዚየም ጨመሩ። ያኔ ነርቩ ተቀስቅሶም አንዳንዴ ምንም አይወጣም። እኔን የያዘኝ ይሄ «ምንም» ነው። ከ100 ቅስቀሳ 37ቱ ባዶ ከሆኑ፣ ቀመሩ ጠቅላላውን ለባዶው አካፍሎ ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝሙን ይወስዳል፤ የ100 ለ37 ሲሰላ 1 ገደማ ይመጣል። በአማካይ በአንድ ቅስቀሳ አንድ እሽግ ወጣ ማለት ነው። ባዶውን ቆጥሮ የወጣውን ማወቅ! እስካሁን ይገርመኛል።

ኮዱ አጭር ነው። ለእያንዳንዱ መልቀቂያ ቦታ የዘፈቀደ ቁጥር ይወጣል፤ ከዕድሉ ካነሰ እሽጉ ተለቀቀ። 1000 ቦታ፣ ዕድሉ ከሺህ አንድ ሲሆን፣ ቀመሩና እውነተኛው አማካይ ገጠሙ። ቦታውን 5፣ ዕድሉን ግማሽ ሳደርገው ግን ተለያዩ። አማካዩ 2.5 ሆኖ ሳለ ቀመሩ 3.5 ገደማ አለ።

ምክንያቱን ለጓደኞቼ ያስረዳሁት ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ሻይ እየጠጣን፣ በዘውድና ጎፈር ነው። አምስት ሳንቲም ወርውረህ ሁሉም ጎፈር የሚሆንበት ዕድል ከ32 አንድ ብቻ ነው። ባዶው ሲያንስ ቀመሩ ብዙ የወጣ ይመስለዋል። ቀመሩ የሚሠራው ቦታው ብዙ፣ የእያንዳንዱ ዕድል ትንሽ ሲሆን ነው።

እነ ካትዝ ካልሲየሙን ለምን እንደቀነሱ በደንብ የገባኝ ያኔ ነው፤ የእያንዳንዱ ቦታ ዕድል ትንሽ እንዲሆን ነው። ካልሲየሙ ዝቅተኛ ሲሆን፣ የሚለቀቀው መጠን በካልሲየሙ አራተኛ ርቢ ልክ ገደማ ይለዋወጣል። በግማሽ ብትቀንሰው ልቀቱ ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል።

ይህን ለሚጀምር ሰው የምለው፦ ቀመሩን ከመውደድህ በፊት የሚሰበርበትን ቦታ ራስህ ፈልገው። ዜሮዎቹንም ከዳታህ አታጥፋ። እኔ አሁን ሁለት ቅስቀሳ ተከታትሎ ሲመጣ ከመጀመሪያው የተረፈው ካልሲየም ሁለተኛውን እንዴት እንደሚያጎላ እየጨመርኩበት ነው።