ለጣት የከበደ፣ ለጆሮ የከበደ

የግሪካዊውን የሙዚቃ ደራሲ የያኒስ ዜናኪስን የፒያኖ ሥራ «ኤርማ» ለመጀመሪያ ጊዜ ሰምቶ «ድመት ፒያኖ ላይ የተራመደች ይመስላል» የማይል ሰው ጥቂት ነው። ሌላው የተለመደ አስተያየት «ይሄንንማ ልጄም ይጫወተዋል» የሚለው ነው። ሁለቱንም እንደ ንቀት አልቆጥራቸውም። ጆሮ የሚጨብጠው ሲያጣ ሌላ ምን ይበል? ግን ሁለቱም ስህተት ናቸው፤ የስህተታቸው ቦታ ደግሞ ደስ የሚል ነው።

ድመት ስትራመድ የምትረግጠው ጎን ለጎን ያሉ ቁልፎችን ነው፤ አንዱ ድምፅ ከሌላው አይርቅም። ልጅ ደግሞ ፊት ለፊቱ ያሉትን፣ መሃል ላይ ያሉትን፣ አብዛኛውን ጊዜም ነጮቹን ይደበድባል። ትንሽ ቆይቶ ሳያውቀው ምት ይይዛል፤ የሰው ክንድ ወደ ላይና ወደ ታች ሲወዛወዝ እኩል መምታት ይቀናዋልና። «ኤርማ» የዚህ ሁሉ ተቃራኒ ነው። በ1960 እና 61 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ለጃፓናዊው ፒያኒስት ዩጂ ታካሃሺ የተጻፈው ይህ ሥራ ከ88ቱ ቁልፎች ሦስት ስብስቦችን መርጦ በሂሳብ ያጣምራቸዋል። አንዱ ድምፅ ከታች ጥግ ቢሆን ቀጣዩ አራትና አምስት ኦክታቭ (አንዱ ኦክታቭ ከአንድ ድምፅ እስከ ቀጣዩ ተመሳሳይ ድምፅ ያለው ርቀት ነው) ዘልሎ ከላይ ሊሆን ይችላል። የሚደገም ሐረግ የለም፤ እግር የሚመታለት ምትም የለም። እንዲህ ያለ «ዝብርቅርቅ» ለሰው አካል እጅግ ከባድ ነው። ዝም ብሎ የሚደበድብ ሰው ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላው ድግግሞሽ ውስጥ ይገባል።

ታዲያ ይህን ሁሉ አስረድቶ አድማጩን «አሁንስ ወደድከው?» ማለት አይቻልም። ለጣት የሚከብደውና ለጆሮ የሚከብደው ለየቅል ነው፤ አብዛኛው ጭቅጭቅ የሚነሳውም ሁለቱን ከማምታታት ነው። ፒያኒስቱ ወራት የለፋበትን ነገር አድማጩ በልፋቱ ልክ እንዲያደንቅለት ይፈልጋል። አድማጩ ደግሞ «በዓለም ላይ ከባዱ» ተብሎ ስለተነገረው፣ ያልጣመው እውቀት ቢያንሰው ይመስለዋል። ሁለቱም ተሳስተዋል።

ለጆሮ የከበደውን ለማየት የፈረንሳዊውን የሙዚቃ ደራሲ የፒየር ቡሌዝን «ስትሩክቱር 1ሀ» ልውሰድ። ለሁለት ፒያኖ የተጻፈ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። በ1952 ፓሪስ ውስጥ ቡሌዝ ራሱ ከመምህሩ ከመሲያን ጋር ተጫውቶታል። በውስጡ 12 ድምፆች፣ 12 የቆይታ መጠኖችና 12 የጉልበት ደረጃዎች በሠንጠረዥ ተደርድረዋል። የጉልበቱን መሰላል ብቻ ብናይ፣ «ለስላሳ» በሚለውና «መካከለኛ ለስላሳ» በሚለው መሃል «ኳዚ ፒያኖ» የሚባል ሌላ ደረጃ ገብቷል። ወረቀት ላይ ሦስቱ የተለያዩ ናቸው። አዳራሽ ውስጥ፣ አንዱ ድምፅ ከታች ጥግ ሌላው ከላይ ጥግ ሲመጣ፣ ማንም አይለያቸውም። ቆይታውም እንደዚያው ነው፦ 11 ትናንሽ ኖታዎች የሚያክል ርዝመትና 12 የሚያክል ርዝመት፣ የሚለካበት ምት በሌለበት፣ ለጆሮ አንድ ናቸው። ጸሐፊው ያሰላውን ሰሚው የሚያገኝበት መንገድ ተቆርጧል። በዚህ ሥራ ውስጥ «አልገባኝም» ያለ አድማጭ ያለውን በትክክል ሰምቷል ባይ ነኝ።

ዜናኪስ በ1955 በጻፈው ጽሑፍ የተናገረው ይህንኑ ነው። መስመሮቹ በጣም ሲወሳሰቡ ጆሮ አንድም መስመር አይከተልም፤ የሚሰማው እዚህም እዚያም የተበተነ የድምፅ ክምር ብቻ ነው። እንዲያ ከሆነ፣ አለ፣ ክምሩን ራሱን እንጻፍ፦ ጥግግቱን፣ ስፋቱን፣ የሚሄድበትን አቅጣጫ። ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ማንም ጠብታ አይቆጥርም፤ መክበዱንና ማባራቱን ግን ሁሉም ያውቃል።

በ1973 የጻፈው «ኤቭሪያሊ» ይህ ሐሳብ ምን ያህል እንደሚሠራ ያሳያል። ስሙ ከሜዱሳ እህቶች የአንዷ ነው። ሥራው የተነደፈው በሚሊሜትር ወረቀት ላይ ነው፤ ከአንድ ነጥብ ተነስተው እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የሚበታተኑ መስመሮች ተሰመሩ፣ ከዚያ ወደ ኖታ ተገለበጡ። ቅርንጫፎቹ ሲበዙ አሥር ጣት አይደርስላቸውም። ስለዚህ እያንዳንዱ ፒያኒስት የቱን መስመር ይዞ የቱን እንደሚጥል አስቀድሞ መወሰን አለበት። ሁለት ቅጂዎችን አስተያይቶ ለሚሰማ፣ አንዱ የጣለውን ሌላው ይዞ ያገኛል። ለጣት ከዚህ የከፋ አይገኝም። ለጆሮስ? ከ«ስትሩክቱር» ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው። ከሥር የማይናወጥ ፈጣን ምት አለ፤ ቁልፎች በድግግሞሽ ይቀጠቀጣሉ፤ ማዕበሉ ሲወጣና ሲወርድ ይታወቃል፤ በድንገት ቀጥ ይላል፣ ጸጥታ፣ ከዚያ እንደገና። የዘመኑን ሙዚቃ ጨርሶ የማያውቅ ሰው ይህን ሰምቶ «ያስፈራል» ወይም «ልቤን አፈጠነው» ቢል አይገርመኝም። «ድመት» ግን እምብዛም አይልም።

ለአማርኛ አድማጭ ከሁሉ ቀድሜ የምጠቁመው የሃንጋሪያዊውን የሙዚቃ ደራሲ የሊጌቲን የመጀመሪያ ኤቱድ (የጣት መለማመጃ መልክ ያለው አጭር ሥራ) «ዴዞርድር»ን ነው (1985)። ቀኝ እጅ ነጭ ቁልፎችን ብቻ ይጫወታል፣ ግራ እጅ ጥቁሮቹን ብቻ። ጥቁሮቹ አምስት ናቸው፤ የትዝታ ሜጀር አምስት ድምፆች የሚገኙበት ስብስብ ነው። ማረፊያውና አካሄዱ የትዝታ አይደለም፣ ግን አምስት ድምፅ ለለመደ ጆሮ ግራ እጁ ባዕድ አይሆንበትም። ሁለቱ እጆች ሲጀምሩ አብረው ያጠብቃሉ (አንዳንዱን ኖታ ከሌሎቹ አጉልተው ይመታሉ)፣ በ3 እና 5፣ በ3 እና 5 ኖታ ልዩነት። ትንሽ ቆይቶ ቀኝ እጅ «ስምንተኛ» የምትባል አንዲት አጭር ኖታ ያጎድላል፤ ከዚያ በኋላ ጥብቀቶቹ እየተራራቁ ይሄዳሉ። ሊጌቲ ይህን የመሰለ አሠራር የተማረው በከፊል የሙዚቃ ተመራማሪው ሲምሃ አሮም ከመካከለኛው አፍሪካ ቀርጾ ካመጣቸው ሙዚቃዎች ነው። አድማጩ ማድረግ ያለበት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የግራውን እጅ ጥብቀት ይዞ አለመልቀቅ። ቀኙን የተከተለ ሰው ሃያ ሰከንድ ውስጥ ይጠፋል።

እጅግ ቀላል የሚመስለው ደግሞ አንዳንዴ የባሰ ነው። የጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ የሽቶክሃውዘን «ክላቪርሽቱክ 9» የሚጀምረው አንዲትን ባለ አራት ድምፅ ኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች) 139 ጊዜ በመድገም ነው፤ አንድ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ከዚያ ትንሽ ነገር ተብሎ፣ ያቺው ኮርድ እንደገና 87 ጊዜ። አድማጭ መጀመሪያ ላይ ፈገግ ይላል፤ ቀጥሎ ዘወር ዘወር ብሎ ሌሎቹን ያያል። ኮርዷ ከኃይለኛ ጀምራ እየሳሳች ትሄዳለች፣ ችግሩም እዚያ ላይ ነው። የፒያኖ ቁልፍ ወደ ታች የሚወርደው 10 ሚሊሜትር ያህል ነው። መዶሻው ግን እስከ ገመዱ ድረስ በጣት አይገፋም፤ ሁለት ሚሊሜትር ያህል ሲቀረው ይለቀቅና በራሱ ፍጥነት ይወረወራል። ቁልፉ ከልክ በላይ በዝግታ ከተጫነ መዶሻው ገመዱ ዘንድ ሳይደርስ ይመለሳል። ስለዚህ አራቱ ጣቶች በጸጉር ስንጥቅ ያህል ከተለያዩ ከአራቱ ድምፆች አንዱ ይጎድላል። አንዴ ታችኛው፣ አንዴ መሃለኛው ብቅ ጥልቅ ይላል። ከመቶኛው በኋላ ይህን ያስተዋለ አድማጭ «ኮርዷ እየተለወጠች ነው» ይላል። ኖታው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሚደርሰው ድምፅ ነው። ታግሶ የጠበቀ ሰው ይህን በነጻ ያገኛል።

የትዕግሥት ነገር ከተነሳ የፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ የሳቲ «ቬክሳሲዮን» አይታለፍም። አንድ ገጽ የማይሞላ ኖታ ነው፤ 840 ጊዜ መደገምን ያነሳል። አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ጆን ኬጅ በመስከረም 1963 (እ.ኤ.አ.) ኒውዮርክ ውስጥ ፒያኒስቶችን በፈረቃ አስቀምጦ እስከ መጨረሻው አስጫወተው። 18 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ፈጀ፤ ቢካፈል ለአንዱ ዙር 80 ሰከንድ ይደርሳል። መግቢያው 5 ዶላር ነበር፤ ለቆዩበት ለየ20 ደቂቃው ደግሞ 5 ሳንቲም ተመላሽ። ይሄ የሒሳብ ቀልድ ሁልጊዜ ያስቀኛል፦ ሌሊቱን ሙሉ የተቀመጠ ሰው እንኳ ገንዘቡን በሙሉ አያገኝም። ከታዳሚው እስከ ፍጻሜው የቆየ ተገኝቷል፤ ሲያልቅም አንዱ «ይደገም!» ብሎ ጮኸ። ለጣት ይህ ሥራ ከባድ አይደለም። ለማስታወስ ግን ይከብዳል፤ ኖታው በማይጠበቁ ሻርፕና ፍላቶች (ድምፅን በግማሽ ደረጃ ከፍና ዝቅ የሚያደርጉ ምልክቶች) ስለተጻፈ ስንት ጊዜ ቢደጋገም ዓይን ከወረቀቱ አይነሳም።

ድሮ ሰዎች ይጣሉ ነበር። አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲና ፒያኒስት ሄንሪ ካውል በ1923 ላይፕዚግ ውስጥ ቁልፎቹን በክንዱ ሲጫን ታዳሚው መድረክ ላይ ወጥቶ ተደባደበ፣ ፖሊስም ገባ። ያን ዓመት ጥቅምት ላይ ሌላው አሜሪካዊ ጆርጅ አንታይል ፓሪስ ሲጫወት አዳራሹ ታወከ። ዛሬ የለም። ሰው በጨዋነት ይቀመጣል፣ በጨዋነት ያጨበጭባል፣ ኮቱን አንስቶ ይሄዳል። ለእኔ ጨዋነቱ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ የተቆጣ ሰው ቢያንስ ሰምቷል። ኦስትሪያዊው የሙዚቃ ደራሲ ሾንበርግ በ1918 ቬየና ላይ ባቋቋመው የግል ማኅበር ይህን በሌላ መንገድ ፈታው፦ ማጨብጨብም ማፏጨትም ክልክል፣ የጋዜጣ ሐያሲ አይገባም፣ ምን እንደሚቀርብ አስቀድሞ አይነገርም፣ አዲሱ ሥራም በተለያዩ ምሽቶች ይደገማል። ከአራቱ ዋናው መጨረሻው ይመስለኛል።

ስለዚህ ቤት ውስጥ ለሚሞክር፣ በመጀመሪያ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አያድርግ። የስልክ ድምፅ ማጉያ ዝቅተኛውን ድምፅ አያወጣም። የፒያኖ የመጨረሻው ታች ቁልፍ 27.5 ኸርዝ ነው፤ በስልክ የሚደርሰው «ጠቅ» የሚል ብቻ ይሆንና ግማሹ ሙዚቃ ኳኳታ ይመስላል። ደህና የጆሮ ማዳመጫ ይበቃል። ድምፁን ከመነሻው ላይ ሳይሆን ከኃይለኛው ቦታ ላይ ይለኩ፤ ሊጌቲ በኤቱዶቹ ውስጥ ስምንት «ኤፍ» (የ«በኃይል» ምልክት) እስከ መደርደር ይደርሳል፣ ለስላሳው ላይ ያስተካከለ ሰው ጆሮውን ይጎዳል። መጀመሪያ ሳያቋርጡ አንዴ ይስሙ። ሁለተኛው ላይ የሚፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጸጥታዎቹ የት የት ናቸው? በደቂቃና በሰከንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ። በሦስተኛው በየሁለቱ ጸጥታ መሃል ያለው ነገር ይጠጋጋል ወይስ ይሳሳል፣ ይወጣል ወይስ ይወርዳል የሚለውን። በማግሥቱ አራተኛ። በአንድ ቀን አራቴ መስማት ጆሮን ያሰለቻል እንጂ አያለምድም።

(የበገና ሰው ለዚህ ነገር ቅርብ ነው እላለሁ። እንዚራው ገመዱን ሲነዝረው የሚወጣውን ጉርምርምታ ጉድለት አይለውም። ኬጅ ለ«ሶናታዎችና ኢንተርሉዶች» በ45 ድምፆች ገመዶች መሃል ብሎንና ጎማ ሲሰካ፣ «ፒያኖው ተበላሽቷል» ብሎ የሚደነግጠው በገና ሰምቶ ያደገው አይመስለኝም።)

ኖታውን በቪዲዮ እየተከተሉ መስማት ዛሬ የተለመደ ነው፤ እኔ ለአምስተኛው ጊዜ አቆየዋለሁ። ዓይን ጥቁሩን ወረቀት ሲያይ «ይሄ ሁሉ!» ብሎ ይደነቅና ጆሮ ሥራውን ያቆማል፤ አድናቆቱ ለማተሚያ ቤቱ ይሆናል። «ኤቭሪያሊ»ን እንዲህ ለሚከታተል ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ኖታው ላይ ከፒያኖው የመጨረሻ ላይኛ ቁልፍ፣ ከሲ (C) በላይ፣ አንዲት ሲ ሻርፕ ተጽፋለች። አይጠብቋት፣ ፒያኖው ላይ ቁልፍ የላትም።