የ150 ፓውንድ ቀብድ

ፍሪጁ ለሁለተኛ ጊዜ ያረፈው በሰሙነ ሕማማት ነው። ሐሙስ ጠዋት ስነሳ የወጥ ቤቱ ወለል ረጥቧል። ፍሪዘሩን ስከፍተው ብልት በብልት አውጥቼ፣ አጥቤ፣ በየላስቲኩ ያስቀመጥኳቸው ሦስት ዶሮዎች ለስልሰዋል። እንጀራውም እርስ በርሱ ተጣብቋል። ለፋሲካ ሦስት ቀን ቀርቶታል።

የምኖረው ለንደን ነው። ፍሪጁን በጥር ስገዛው 1,150 ፓውንድ ነበር። 150ውን ቀብድ በክሬዲት ካርድ፣ ቀሪውን 1,000 ሌላ ቀን በዴቢት ካርድ ከፈልኩ። አስቤበት አይደለም። ክሬዲት ካርድ ሁሌም ዕዳ ከሜዳ ይመስለኛል፣ ያን ቀን ግን ዴቢቱን ቤት ረስቼው ነበር። ያ መርሳት ነው በኋላ ያዳነኝ።

በመጋቢት መጀመሪያ ማቀዝቀዝ አቆመ። ባለሙያ መጥቶ አንድ ዕቃ ቀይሮለት ሄደ። በሚያዝያ እንደገና ሞተ። ሱቁ ጋ ስደውል «አምራቹን አነጋግሪ» አሉኝ። አምራቹ ደግሞ ባለሙያ የሚልከው ከ16 ቀን በኋላ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ስልክ ላይ ሙዚቃ ሳዳምጥ ከረምኩ። ትልቁ ስህተቴ እሱ ነው፤ አንዱንም በጽሑፍ አላደረግኩትም።

እዚህ አገር ውሉ ከሱቁ ጋር እንጂ ከአምራቹ ጋር አይደለም። በ2015ቱ የሸማቾች መብት ሕግ፣ በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት ብልሽት ከታየ ዕቃውን መልሶ ሙሉ ገንዘብ መጠየቅ ይቻላል። ከዚያ በኋላ ሱቁ አንድ ጊዜ የመጠገን ዕድል አለው። ጥገናው ካልያዘ ገንዘቤን ልል እችላለሁ። ስድስት ወር ያልሞላው ዕቃ ከሆነ ደግሞ ብልሽቱ ከመጀመሪያው እንዳልነበረ ማስረዳት ያለበት ሱቁ ነው። ይህን ሁሉ በኢሜይል ጻፍኩላቸው። ዝም።

አብራኝ የምትሠራ ጓደኛዬ ናት «ክሬዲት ካርድ ነክተሻል ወይ?» ያለችኝ። «150 ብቻ» አልኳት። «በቃ፣ ባንክሽን ያዢው!»

ባንኩ ጋ ደወልኩ። ልጁ ትሁት ነው፣ ግን በካርዱ የከፈልኩት 150 ስለሆነ ከዚያ በላይ መጠየቅ አልችልም አለኝ። አመስግኜ ልዘጋው ነበር። ለካ «ገንዘቤን መልሱልኝ» ስለው እሱ የገባው ቻርጅባክ የሚባለው ነው። ቻርጅባክ የካርድ ድርጅቶቹ የራሳቸው ደንብ እንጂ ሕግ አይደለም፤ የሚመልሰውም በካርዱ ያለፈውን ብር ነው። እኔ የፈለግኩት ሴክሽን 75 ነው። የ1974ቱ የሸማቾች ብድር ሕግ አንቀጽ 75 የዕቃው ዋጋ ከ100 ፓውንድ በላይ፣ እስከ 30,000 ከሆነ ባንኩን ከሻጩ እኩል ተጠያቂ ያደርገዋል። በካርዱ የተከፈለው ቀብድ ብቻ ቢሆንም ተጠያቂነቱ ለሙሉው ዋጋ ነው። ባንኩ ውለታ እየዋለልኝ አይደለም ማለት ነው። እሱም ባለዕዳ ነው።

ያን ሌሊት ሦስት ገጽ ጻፍኩ። ዶሮዎቹ አሉ፣ በዓሉ አለ፣ ስልክ የዘጉብኝ ሴትዮ አሉ። ጓደኛዬ አንብባ ሳቀችብኝና ወደ አንድ ገጽ አወረደችው። መቼ ገዛሁ፣ መቼ ተበላሸ፣ መቼ ተጠገነ፣ መቼ ደገመ፣ ምን እጠይቃለሁ። «ሴክሽን 75» የሚለው ቃል በርዕሱም በመጀመሪያው መስመርም አለ። ደረሰኙን፣ የካርዱን ስቴትመንት፣ የጥገናውን ወረቀትና ኢሜይሎቹን አያያዝኩ። አንድ ፎቶም ጨመርኩ፦ በ4 ፓውንድ የገዛኋት ቴርሞሜትር መደርደሪያው ላይ ተቀምጣ 14 ዲግሪ ታሳያለች። ፍሪጅ ከ5 ማለፍ የለበትም።

ባንኩ የገለልተኛ ባለሙያ ሪፖርት ጠየቀ። 72 ፓውንድ ከኪሴ ወጣ። ሰውዬው አሥር ደቂቃ ጆሮውን ፍሪጁ ላይ ለጥፎ አዳመጠና «ኮምፕሬሰሩ ነው» ብሎ ጻፈልኝ። እኔም ካላንደሬ ላይ ስምንተኛውን ሳምንት በቀይ ከበብኩ። አቤቱታ ካቀረቡ በኋላ ባንኩ በስምንት ሳምንት የመጨረሻ መልስ ካልሰጠ፣ ወይም መልሱ ካላጠገበ፣ የባንክና የደንበኛን ክርክር የሚያይ ፋይናንሻል ኦምቡድስማን የሚባል ገለልተኛ አካል ጋ በነጻ መሄድ ይቻላል። አላስፈለገኝም። በአምስተኛው ሳምንት 1,150ው ገባ። የባለሙያው 72ም አብሮ መጣ። ለተበላሸው ምግብ የጠየቅኩትን 48 ፓውንድም ከፈሉ፤ የዶሮዎቹ ደረሰኝ ነበረኝ። ብልት ሳወጣ የዋልኩበት ግማሽ ቀን ግን ደረሰኝ የለውም።

ለሁሉም ሰው እንዲህ አይቀናም። አንዲት የማውቃት ልጅ የተጠቀመችው በባሏ አካውንት ላይ የተጨመረላትን ካርድ ነበር። ሶፋውን የገዛችው እሷ፣ ዋናው ባለካርድ እሱ። ባንኩ ውሉ የባለካርዱ አይደለም ብሎ መለሳት። ገዢና ሻጭን በሚያገናኝ የመገበያያ ድረ ገጽ በኩል ሲከፈልም ባለካርዱን፣ ባንኩንና ሻጩን የሚያያይዘው ሰንሰለት ሊበጠስ ይችላል። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ የእናንተ ሕግ ሌላ ነው፣ የእኔን ደብዳቤ እንዳትገለብጡ።

የሞተው ፍሪጅ እስኪወሰድ ሦስት ሳምንት ኮሪደሩ ላይ ቆመ። በሩን ከፍቼ ሽንኩርት አስቀመጥኩበት።

አዲሱን ልገዛ ስሄድ ሻጩ «በምን ይከፍላሉ?» አለኝ።

«50ውን በክሬዲት ካርድ፣ የቀረውን በዴቢት።»

ግራ ገብቶት አየኝ። ማሽኑን ግን ሁለት ጊዜ አቀረበልኝ።