ቅባት አልተውኩም፣ ቀየርኩ እንጂ፦ ኮሌስትሮሌን እንዴት እንዳወረድኩ

ኮሌስትሮልህ ከፍ ብሏል የተባለ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «ስፖርት ጀምር» የሚል ነው። እኔም የተነገረኝ ይሄው ነበር። ስፖርት ለልብ ጥሩ ነው፣ በዚህ አልከራከርም። የኔን ኤልዲኤል፣ «መጥፎው» የሚባለውን ኮሌስትሮል፣ በዋናነት ያወረደው ግን ጫማዬ ሳይሆን ሳህኔ ነው።

ከቁጥሮቹ ልጀምር። የምርመራው ወረቀት ላይ አራት ነገር ይጻፋል፦ ጠቅላላ ኮሌስትሮል፣ ኤልዲኤል፣ «ጥሩው» የሚባለው ኤችዲኤል እና ትራይግሊሰራይድ የተባለው የደም ቅባት። የደም ስር ግድግዳ ውስጥ እየገባ የሚጠራቀመው ኤልዲኤል ነው። ከ100 በታች (ሚሊግራም በዴሲሊትር) ቢሆን ይመረጣል፤ ከ160 ጀምሮ ከፍተኛ ይባላል። የኔ 168 ነበር። ትራይግሊሰራይዴም 210 ደርሷል፤ ከ150 በታች መሆን ነበረበት። ደግሞ ምንም አላመመኝም። ኮሌስትሮል ምልክት የለውም፣ ካልተመረመሩ አይታወቅም። ግፊትም ስኳርም ስለሌለብኝ፣ ሲጋራም ስለማላጨስ፣ ሐኪሜ መድኃኒት ከመጀመራችን በፊት ለሦስት ወር በአመጋገብ እንሞክረው አለችኝ።

ዝም ብሎ «ይሄን ብላ፣ ያን አትብላ» ቢሉኝ ብዙ የምቆይ አይመስለኝም። ለምን እንደሆነ ሲገባኝ ነው የቀለለኝ። ሰውነታችን ውስጥ ያለውን ኮሌስትሮል በአብዛኛው የሚያመርተው ራሱ ሰውነታችን ነው። ጉበት ደግሞ ኤልዲኤልን ከደም ውስጥ የሚለቅሙ ተቀባዮች አሉት። እነዚህን ተቀባዮች ያገኙት ማይክል ብራውን እና ጆሴፍ ጎልድስታይን እ.ኤ.አ. በ1985 የኖቤል ሽልማት ወስደዋል። ሳቹሬትድ የሚባለው፣ ሲቀዘቅዝ የሚረጋው ቅባት ሲበዛ ተቀባዮቹ ይቀንሳሉ። ያኔ ኤልዲኤሉ ተረካቢ እንዳጣ ዕቃ ደም ውስጥ ይከማቻል። ቅቤ፣ የሰባ ሥጋ፣ ክሬም፣ የፓልም ዘይት ሁሉም እዚህ ውስጥ ናቸው። የኮኮናት ዘይትም እንዲሁ። «የተፈጥሮ ነው» ተብሎ እንደ ጤና ምግብ ሲወራለት እገረማለሁ፤ የሚረጋ ቅባቱ ከቅቤም ይበልጣል።

ይሄን ካወቅኩ በኋላ ስለ እንቁላል መጨነቅ ቀነስኩ። አንድ አስኳል 200 ሚሊግራም ገደማ ኮሌስትሮል አለው፣ ሲሰሙት ያስፈራል። ለአብዛኛው ሰው ግን ይበልጥ የሚጎዳው ምግቡ ውስጥ ያለው የሚረጋ ቅባት ነው። ስለዚህ እንቁላሉን ሳይሆን የሚጠበስበትን ቀየርኩ። ቅቤው ሄደ፣ የወይራ ዘይት መጣ። ሥጋው ቀነሰ፣ ዓሣና ባቄላ ጨመረ። መክሰስ ሲያምረኝ በብስኩት ፈንታ ጨው የሌለው ለውዝ እቆረጥማለሁ። ቅባትን አጥፍቶ በቦታው ነጭ ዳቦና ስኳር መተካት ግን ዋጋ የለውም፤ ትራይግሊሰራይድን ከፍ ነው የሚያደርገው። የታሸገ ነገር ስገዛ «ሃይድሮጂን የተጨመረበት ዘይት» የሚል ካለ እመልሰዋለሁ። ዘይት ላይ በከፊል ሃይድሮጂን ሲጨመር የሚፈጠረው ትራንስ ፋት ኤልዲኤልን ከፍ፣ ኤችዲኤልን ዝቅ ስለሚያደርግ ከሁሉም የከፋው እሱ ነው።

ከሁሉም የወደድኩት ግን አጃን ነው። ጠዋት ጠዋት 70 ግራም ገደማ አጃ በውሃ አፈላለሁ። እሳቱን ቀነስ አድርጌ ሳማስለው ውሃው እየወፈረ ይመጣል፣ ማንኪያው ላይ ይዝለገለጋል። ያ የሚዝለገለገው ነገር ቤታ ግሉካን ነው፣ የሚሟሟ አሠር (ፋይበር)። በቀን 3 ግራም ያህሉን ማግኘት ኤልዲኤልን እንደሚቀንስ በደንብ የተረጋገጠ ነው። ጉበት ኮሌስትሮልን ወደ ሐሞት ቀይሮ አንጀት ውስጥ ያፈስሳል፤ ከዚያ አብዛኛው ተመልሶ ይመጠጣል። አሠሩ ሐሞቱን ይዞት ከሰገራ ጋር ይወጣል። ጉበት አዲስ ሐሞት መሥራት ስላለበት ኤልዲኤልን ከደም ይለቅማል። ባቄላ፣ ምስርና ሽምብራም የሚሟሟ አሠር ይሰጣሉ። በአንዴ ከጀመራችሁ ግን ሆዳችሁ እንደ ከበሮ ይነፋል። ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፣ ውሃም ጠጡ።

ያልጠበቅኩት ነገር ቡና ነው። ተፈልቶ በወረቀት ማጣሪያ ያላለፈ ቡና ካፌስቶል የሚባል ንጥረ ነገር ስላለው ኤልዲኤልን ከፍ ያደርጋል። ወረቀቱ አብዛኛውን ያስቀረዋል። ቡና ተው ማለት ከብዶኝ ስለነበር ወረቀት ገዝቼ ተገላገልኩ።

ስፖርቱስ? የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። እኔ ፈጠን ያለ እርምጃ መረጥኩ። ልኩን የማውቀው እንዲህ ነው፦ ከጓደኛዬ ጋር ማውራት እችላለሁ፣ መዝፈን ግን ትንፋሽ ያሳጥረኛል። በሳምንት ሁለቴ ደግሞ ፑሽአፕና ስኳት እሠራለሁ። እንቅስቃሴ ኤልዲኤልን የሚነካው በጥቂቱ ነው። ዋና ሥራው ሌላ ቦታ ነው፦ ትራይግሊሰራይድን ይቀንሳል፣ ኤችዲኤልን ትንሽ ከፍ ያደርጋል፣ ግፊትንና ስኳርን ይቆጣጠራል። ለልብ ደግሞ እነዚህ ሁሉ ይቆጠራሉ። «ሮጬ አቃጥለዋለሁ» ብሎ ቅቤውን እንደ ድሮው መቀጠል ግን አያዋጣም።

ሦስት ወሩ ሲያልቅ ኤልዲኤሌ 131 ሆነ። ትራይግሊሰራይዴ 138። ኤችዲኤሌ ከ39 ወደ 42 ብቻ ነው ፈቀቅ ያለው። 131 አሁንም ከሚፈለገው በላይ ነው፣ ግን ሌላ ችግር ስለሌለብኝ መድኃኒቱ ለጊዜው ቀርቷል፣ ክትትሉ ይቀጥላል። መድኃኒት ላይ ያላችሁ ሰዎች ግን አጃ በላን ብላችሁ ከሐኪም ሳትነጋገሩ እንዳታቆሙ።

ይሄን የምለው በታላቅ እህቴ ምክንያት ነው። ከኔ በላይ ተጠንቅቃ ነው የምትበላው፤ ኤልዲኤሏ ግን ከ190 አልወርድ አለ። ጣጣው በዘር የሚተላለፍ ነው። ከ250 ሰው አንዱ ገደማ አለበት፣ አብዛኛው ሳያውቀው ይኖራል። ተቀባዮቹ ከውልደት ጀምሮ የጎደሉ ስለሆኑ ምግብ ብቻውን አያወርደውም። ስታቲን ጀመረች፤ መድኃኒቱ ጉበት የሚያመርተውን ኮሌስትሮል ስለሚቀንስ ጉበት ብዙ ተቀባይ እንዲያወጣ ያስገድደዋል። አጃውን አልተወችም። ችግሩ ያለበት ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጁ የማስተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ስለሆነ፣ ሁለቱንም ልጆቿን አስመርምራለች።