የምርጥ ምድጃ ፕሮፖዛላችን እንዴት አለፈ

ስለ ንጹህ ኃይል የውጭ ድጋፍ ሲነሳ ብዙ ሰው ሶላር ነው የሚታየው። እኛ የጠየቅነው ለምርጥ ምድጃ ነው፤ ያው ከሲሚንቶና ከአሸዋ ለሚሠራው የእንጀራ መጋገሪያ። የሚያመርቱት የአንድ ሴቶች ማኅበር አባላት ናቸው። የወረቀቱ ጣጣ የእኔ ድርሻ ነበር።

መጀመሪያ ዓይናችን ያረፈው ደቡብ ኮሪያ በሚገኘው በአረንጓዴ የአየር ንብረት ፈንድ ላይ ነበር። እሱ ግን ገንዘብ የሚሰጠው እውቅና ባገኙ ተቋማት በኩል ነው፤ ከእኛ አገር የገንዘብ ሚኒስቴር አንዱ ነው። ለቀበሌ ማኅበር የሚመጥነው በ1992 እ.ኤ.አ. የተጀመረው፣ የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚያስፈጽመው የአነስተኛ ድጋፍ ፕሮግራም ነው። ጣሪያው ለብዙ ዓመታት 50,000 ዶላር ነበር። ፕሮጀክቱን መርጦ የሚያጸድቀውም አገር ውስጥ ያለ ኮሚቴ ነው። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ ጉልቻ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ገጽ አታባክኑም።

ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር እንጨቱን በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ በየጽሑፉ አለ። የእኛ ቀበሌ ቁጥር ግን የትም አልነበረም። ስለዚህ ሚዛን ይዘን በየቤቱ ዞርን። እናቶች ሊጡን እኩል ለሁለት ከፍለው ግማሹን በጉልቻ፣ ግማሹን በምርጥ ምድጃ ጋገሩ። እኛ ከመጋገሩ በፊትም በኋላም እንጨቱን መዘንን። አንዲት እናት ዳር ቆመው ሲያዩን ቆዩና "አንዱ እርጥብ አንዱ ደረቅ ከሆነ ምኑን መዘናችሁት ልጄ?" አሉን። ወዲያው ሁሉም ከአንድ ክምር፣ ከደረቁ ብቻ እንዲሆን አደረግን። በኋላ ገምጋሚዎቹ ከሁሉ አስቀድመው የጠየቁን ስለ እንጨቱ ድርቀት ነበር! ስለ ዓለም ሙቀት የጻፍነውን ያማረ መግቢያ ግን ማንም አላነሳውም።

የራሳችሁን መዋጮ አታሳንሱ። ጥሬ ገንዘብ ባይኖረንም ጉልበት ነበረን፣ ቀበሌው የሰጠን ሼድ ነበረን። የአባላቱን ሥራ በአካባቢው የቀን ሠራተኛ ክፍያ አሰላን፤ ለሼዱም ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አስወጣን። ባዶ እጃችንን ነን ብሎ ማልቀስ አያዋጣም።

ምንዛሪውንም ሳትፈርሙ ጠይቁ። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ በብር የተቆረጠ በጀት ያለው ሰው ጉዱ ሲሚንቶ መግዣ ላይ ነው።

ሌላው ደረሰኝ ነው። ገንዘቡ በዙር ነው የሚለቀቀው፤ የመጀመሪያው ካልተወራረደ ቀጣዩ አይመጣም። አሸዋ በጋሪ የሚያመጣልን ሰውዬ ደግሞ የምን ደረሰኝ! ቀድመን አስፈቅደን አንድ የግዢ ቅጽ አዘጋጀን፦ የሻጩ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ፣ ከሥሩ የምስክሮች ስም። የቀለም ፓዱን ገንዘብ ያዧ በቦርሳዋ ይዛ ትዞራለች።