በገጹ ጥግ የነበረችው አይጥ

ትንሹ ልጄ አራት ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ሲቀረው፣ አንድ ማታ የማነብለትን መጽሐፍ በእጁ ከድኖ አስቆመኝ። «እማዬ፣ ወደ ኋላ ተመለሺ» አለኝ። አንድ ገጽ መለስኩለት። «አሁንም» አለ። አሁንም መለስኩ። ከዚያ የገጹን የታችኛውን ጥግ በጣቱ ነክቶ «አይጧ እዚህ ነበረች። የት ሄደች?» ብሎ ጠየቀኝ።

መጽሐፉን ቢያንስ አሥር ጊዜ አንብቤለታለሁ። ታሪኩ አንድ እግር ጫማዋ ስለጠፋባት ልጅ ነው፤ ስለ አይጥ አንድም ቃል የለበትም። ሠዓሊው ግን በየገጹ ጥግ አንዲት ትንሽ አይጥ ሥሎ ኖሯል። ገጾቹን አንድ በአንድ አብረን ስናያቸው፣ በአንደኛው ላይ የጫማ ማሰሪያ ስትጎትት አገኘናት። ጫማው ለምን እንደጠፋ በጽሑፍ አልተነገረም፤ በሥዕሉ ብቻ ነበር የተነገረው። እኔ ፊደሉን ስከተል፣ ፊደል የማያውቀው ልጄ ታሪኩን ከእኔ በተሻለ አንብቦታል።

ከዚያ ማታ በፊት መጽሐፍ የምመርጠው የኋላ ሽፋኑን አንብቤ ነበር። «ስለ ትዕግሥት ያስተምራል»፣ «የመካፈልን ጥቅም ያሳያል» የሚል ካገኘሁ እወስደዋለሁ። ለልጆቼ በጎ ነገር ከመመኘት የመጣ ነው፤ ይሁን እንጂ አብዛኞቹ አንድ ጊዜ ተነብበው ከመደርደሪያው አልወረዱም። ምክንያቱ አሁን ይገባኛል። እነዚያ መጻሕፍት ሁሉንም ነገር ራሳቸው ተናግረው ስለሚጨርሱ ለልጁ የሚሠራው ሥራ አያስቀሩለትም። ዛሬ መጽሐፍ ሳነሣ የምፈልገው ይህንኑ ነው፤ ልጁ ራሱ ፈልጎ የሚያገኘው ነገር ተርፎለታል ወይ?

አብዛኞቹ የሥዕል መጻሕፍት 32 ገጽ ናቸው። ይህ ከኅትመት አሠራር የመጣ ልማድ ነው፤ ትልቅ ወረቀት ታትሞ ሲታጠፍ ገጾቹ በ8 ወይም በ16 ብዜት ስለሚወጡ 32 ለማተሚያ ቤት ይመቻል። የርዕሱና የኅትመት መብቱ ገጾች ሲነሡለት ለታሪኩ የሚቀረው ቦታ ጠባብ ነው። በዚህ ጠባብ ቦታ ላይ «ቀይ ካፖርት የለበሰችው ልጅ በዝናብ ሮጠች» ብሎ ጽፎ፣ ከጎኑ ደግሞ ቀይ ካፖርት ለብሳ በዝናብ የምትሮጥ ልጅ መሣል ብክነት ነው። አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ማለት ወይም ሌላ ነገር መጨመር አለበት። ይህንን የምፈትሸው ቀላል በሆነ መንገድ ነው፤ ጽሑፉን በመዳፌ ሸፍኜ ሥዕሎቹን ብቻ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አያለሁ። ታሪኩ በግማሽ ከገባኝና ግማሹ ካጓጓኝ መጽሐፉ ጥሩ ነው። ሙሉ በሙሉ ከገባኝ ጽሑፉ ትርፍ ነው፤ ምንም ካልገባኝም ሥዕሎቹ ጌጥ ብቻ ናቸው።

ቀጥሎ የገጹን መዞር አያለሁ። ጥሩ የሥዕል መጽሐፍ የቀኙን ገጽ የሚጨርሰው በሆነ ገርበብ ያለ በር ነው፤ አንድ ጅራት ከገጹ ጠርዝ ወጥቶ ይታያል፣ አንድ ዓረፍተ ነገር «ከዚያ ግን» ብሎ ይቆማል። ልጁ ገጹን ለማዞር እጁን ይዘረጋል። ያቺ እጅ ስትዘረጋ ከማየት የበለጠ የሚያስደስተኝ ነገር ጥቂት ነው። እጅ የማያስዘረጋ መጽሐፍ ሲገጥመኝ፣ ሥዕሉ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ።

ይህንን የተማርኩት ከአንድ ልብ የሚነካ መጽሐፍ ነው። በለስላሳ የውኃ ቀለም የተሠራ፣ ስለ አንድ ሽማግሌና ስለ ድሮ ቤቱ የሚተርክ ነበር፤ እኔ መደብሩ ውስጥ ቆሜ ሳነብበው ዓይኔ እንባ አቀረረ። ልጆቼ ግን ከሦስተኛው ገጽ በኋላ ተነሥተው ሄዱ። በዚያ ጊዜ ቅር ብሎኝ ነበር፤ ቆይቼ ሳስበው እውነታቸውን ነው። መጽሐፉ ልጅነትን ስለሚናፍቅ አዋቂ እንጂ በልጅነቱ ውስጥ ስላለ ልጅ አልነበረም። ልጅ ያልጠፋበትን ነገር ሊናፍቅ አይችልም። አሁንም መጽሐፉን እወደዋለሁ፤ የራሴ መጻሕፍት አጠገብ አስቀምጬዋለሁ።

ገና ጨቅላ ያላችሁ ብዙ አትጨነቁ። አዲስ የተወለደ ሕፃን አጥርቶ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ያለውን ነው፤ ለዚህ ዕድሜ ጥቁርና ነጩ ጎላ ብሎ የሚለይ ሥዕል፣ የሚታኘክ ጠንካራ ገጽና የእናት ወይም የአባት ድምፅ ይበቃል።

ስለ እውነተኛው ዓለም የሚናገሩት፣ ልቦለድ ያልሆኑት መጻሕፍት ላይ ግን ረዘም አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ ብዙ ወላጆች ለትምህርት ቤት ዕድሜ ያቆዩአቸዋልና። ትልቋ ልጄ ገና በአራት ዓመቷ ተረት ሳነብላት እየደጋገመች «የእውነት ነው?» ትለኝ ነበር። «አይደለም፣ ተረት ነው» ስላት ፊቷ ይከፋ ነበር። ተረት እንደማትወድ ቆጥሬ አዘንኩ። ከቤተ መጻሕፍት ስለ ባሕር እንስሳት የሚናገር መጽሐፍ ያመጣሁላት ዕለት ግን ኦክቶፐስ ሦስት ልብ እንዳለውና ደሙ ሰማያዊ እንደሆነ ስነግራት፣ «የእውነት ነው?» አለች። «የእውነት ነው» አልኳት። ተነሥታ ለወንድሟ ልትነግረው ሮጠች። ወንድሟ ያኔ መናገር አልጀመረም ነበር።

በዚህ ዓይነት መጽሐፍ መጀመሪያ የምፈልገው የነገሮችን መጠን ነው። ስለ ብሉ ዌል፣ ስለ ትልቁ ዓሣ ነባሪ፣ «እጅግ በጣም ግዙፍ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ለልጅ ምንም አይነግረውም፤ ለእሱ አባቱም እጅግ በጣም ግዙፍ ነው። 30 ሜትር ያህል ሊረዝም እንደሚችል የሚናገር፣ ከዚያም ከአጠገቡ አንድ ሰው በልኩ ሥሎ የሚያሳይ መጽሐፍ ግን ልጁን ያስነሣዋል። እኛ 30 ሜትር ሲባጎ ለክተን ከቤት ወደ ውጭ ዘረጋን። አንዷ በጅራቱ በኩል፣ ሌላው በአፉ በኩል ቆመው እየተጯጯሁ ተነጋገሩ። መጽሐፉ ሁለት ቀን ሙሉ መሬት ላይ ተከፍቶ ዋለ።

ሁለተኛ የታተመበትን ዓመት አያለሁ። በልብ ወለድ ዓመቱ ግድ የለኝም፤ በዚህኛው ግን ወሳኝ ነው። ዘጠኝ ፕላኔቶችን የሚቆጥር መጽሐፍ ከ2006 እ.ኤ.አ. በፊት የተዘጋጀ መሆን አለበት፤ በዚያ ዓመት ፕሉቶ ድንክ ፕላኔት ተብላ ከዝርዝሩ ወጥታለች። ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ላባ መሳይ ሽፋን የነበራቸው የዳይኖሰር ቅሪቶች ይፋ ሆነዋል፤ አዳዲሶቹ መጻሕፍት አንዳንድ ዳይኖሰሮችን ከነላባቸው ይሥላሉ። እኔ ከድሮውና ከአዲሱ ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀምጬ ልጆቼ ልዩነቱን እንዲፈልጉ አደርጋለሁ። ሳይንቲስቶች አዲስ ነገር ሲያገኙ ሐሳባቸውን እንደሚለውጡ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላገኘሁም።

ማውጫ ያለውን እመርጣለሁ። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ከመጀመሪያው ገጽ መጀመር ግዴታ አይደለም፤ ልጁ የፈለገውን እንስሳ ከመካከል ሊከፍት ይችላል። ከሥዕል ክፍሎች ወደ ስማቸው የተዘረጉ መስመሮች ያሉበትንም እወዳለሁ። ይህ ሐሳብ ከምንገምተው በላይ የቆየ ነው። ኮሜኒየስ የተባለው መምህር በ1658 እ.ኤ.አ. በኑረምበርግ ባሳተመው በላቲንና በጀርመንኛ የተጻፈ የሥዕል መጽሐፍ ውስጥ፣ በሥዕሉ ላይ ያለ ነገር ሁሉ ቁጥር ተሰጥቶት ከጽሑፉ ቃል ጋር ይገናኝ ነበር። ፊደሉንም የሚጀምረው በእንስሳት ድምፅ ነው፤ በጉ «ቤ ኤ ኤ» ይላል። ከሦስት መቶ ስልሳ ዓመታት በላይ አልፏል፤ ልጆቼ ዛሬም ወደ መጽሐፍ የሚገቡት በዚያው በበጉ ድምፅና በጣት በመጠቆም ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን አልደራደርም። መጽሐፉ እውነት እነግራችኋለሁ ብሎ ከጀመረ፣ እውነቱንና ፈጠራውን ልጁ በሚለይበት መንገድ ያስቀምጥ። በታሪክ ውስጥ ጉንዳን ኮፍያ ደፍታ ብትናገር ደስ ይለኛል። ስለ ጉንዳን አካል በሚያስተምር መጽሐፍ ውስጥ ግን ኮፍያዋን አውልቁልኝ፤ እግሯንም በትክክል ቁጠሩልኝ።

ይህንን የምለው ስለደረሰብን ነው። ልጄ ለስድስተኛ ዓመት ልደቷ ስለ ነፍሳት የሚናገር መጽሐፍ በስጦታ አገኘች፤ ደማቅ ሽፋን ያለው፣ ወረቀቱ ጥሩ፣ ሥዕሎቹ ሳቂታ። ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት ከሰዓት በኋላ ደጃፋችን ላይ ተንበርክካ ጉንዳኖች ስታይ ትቆይ ነበር፤ በማጉያ መነጽር እግራቸውን ቆጥራ ስድስት መሆኑን ነግራኛለች። ስድስቱም የሚወጡት ከመካከለኛው የአካል ክፍል መሆኑን ደግሞ ሌላ መጽሐፍ ላይ አብረን አይተናል። በአዲሱ መጽሐፍ ላይ ያለችው ጉንዳን አራት እግር ነበራት፤ ሁለቱ ከሆዷ ይወጣሉ። ልጄ ሥዕሉን ትኩር ብላ አየችው። «ይህን የሠራው ሰው ጉንዳን አይቶ አያውቅም?» አለችኝ። ምን እንደምመልስላት ቸገረኝ። ለልጆች ነው ተብሎ በግዴለሽነት የተሠራ ነገር ያናድደኛል፤ ልጆች ከእኛ ይልቅ ቀርበው የሚያዩ ሰዎች ናቸውና።

መጽሐፉን ልጥለው አስቤ ነበር፤ እሷ ግን እርሳስ አምጥታ ሁለት እግሮች ጨመረች። ከሆድ የሚወጡትን ሰርዛ በትክክለኛው ቦታ አድርጋ ሣለቻቸው፤ አጠገቡም በትልልቅ ፊደል «6» ብላ ጻፈች። በመጽሐፍ ላይ መጻፍ በቤታችን ክልክል ነው፤ ያን ቀን ግን ዝም አልኩ።

ስሕተት ያለበትን መጽሐፍ ለማንም ልጅ አልመርጥም። ያ መጽሐፍ ግን እስከ ዛሬ ከመደርደሪያችን አልወጣም። ትንሹ ልጄ ሲያነሣው ሌላውን ሁሉ አልፎ በቀጥታ ወደዚያ ገጽ ይሄዳል፤ በእርሳስ የተሣሉትን እግሮች እየነካ ይቆጥራል፤ ከዚያ ቀና ብሎ «እነዚህን እኅቴ ናት የሰጠቻት» ይለኛል።