እህታችን ለቀጠሮዋ ተመለሰች፤ እግዚአብሔር ይመስገን

አዘዞ እንጀራ ጋግራ ልጆቿን የምታሳድግ የጽዋ ማኅበራችን እህት የማህጸን በር ምርመራዋ "ፖዘቲቭ" ተብላ ነበር። ዘንድሮ ታይታ ነጻ ወጥታለች። በፈቃዷ የምንመሰክረው ሌላዋ ወረቀቱን ሣጥን ውስጥ ከትታ እንዳትቀር ነው።

"ፖዘቲቭ" ሲባል ብዙዋ የሚመጣባት ኤችአይቪ ወይም ካንሰር ነው። ምርመራው ግን እንዲህ ነው፦ ከ3 እስከ 5 በመቶ አሴቲክ አሲድ፣ ያው ኮምጣጤው፣ በጥጥ ይቀባል፤ አንድ ደቂቃ ይጠበቃል፤ የተለወጠ ቦታ ካለ ይነጣል። ቅድመ ካንሰር ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ካንሰር እስኪሆን አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል፤ ኤችአይቪ በደሟ ኖሮ መድኃኒት ላልጀመረች ወደ 5 እስከ 10 ዓመት ሊያጥር ይችላል።

እህታችን "አላመመኝ፣ አልደማሁ፣ ምኑን ልታከም?" ትል ነበር። ቅድመ ካንሰር እኮ አያምም! ሁለተኛው ፍርሃቷ ጠበል ጀምራ ስለነበር ሕክምና ቢቀላቀልበት ጠበሉ ይከለክለኛል የሚል ነው። ንስሐ አባቷ መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን አነበቡላት፤ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይላል። "ጠበልሽንም ጠጪ፣ ቀጠሮሽንም አትለፊ" አሏት። እኛም ልብ እንዲሰጣት ጸለይን። ጠዋት ደንበኞቿ እንዳይሸሹ ሁለት እህቶች ምጣዷ ላይ ቆሙላት፤ ሌላዋ አብራት ሄደች።

ሕክምናው ቴርማል አብሌሽን ነበር፤ ወደ 100 ዲግሪ በሚሞቅ መሣሪያ ነጩን ቦታ መተኮስ ነው። አንዱ ንክኪ ደቂቃ አይሞላም፤ ማህጸን አይወጣም፣ መውለድም አይከለክልም። ቁስሉ ከሰፋ ወይም ወደ ውስጥ ከዘለቀ ግን ሆስፒታል ሪፈር ይጻፋል። ያን ወረቀት አትጣሉት፤ የጤና መድን ደብተር ያለ ሪፈር ሆስፒታል ላይ አያገለግልም።

ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ይኖራል። ምንም ነገር፣ ቅጠልም ሆነ ሳሙና፣ ወደ ውስጥ አይገባም። ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ ወይም ብዙ ደም ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም። ቤተ ክርስቲያን መግባትን በተመለከተ ንስሐ አባትን መጠየቅ ይሻላል፤ አፍረው የሚቀሩ አሉና።

ከባል 4 ሳምንት መለየት ያስፈልጋል፤ ብዙ ቤት ጠብ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። እሷ የታከመችው ሁዳዴ ሲገባ በመሆኑ ጾሙ ራሱ ሸፈነላት። ይህን ዘዴ ለሌሎችም እንመክራለን፣ ግን ጾም ሩቅ ከሆነ አትጠብቁ።

ከዓመት በኋላ ዳግም መታየት ግድ ነው፤ ብዙዎች የሚጠፉትም ያኔ ነው። ካርዱ ላይ የጎረቤት ስልክ ይጻፋል፣ ተከራይ ደግሞ ቤት ይቀይራል። ለእሷ የማኅበሩ ሙሴ (መሪ) ስልክም ተመዝግቦ ነበር፤ ቀኑንም "የሚቀጥለው ሁዳዴ ሲገባ" ብላ ያዘችው። ሄደች፣ ኮምጣጤው ተቀባ፣ ምንም አልነጣም። ስሙ ይክበር! አሁን ታላቅ እህቷን ልታስመረምር ወረፋ ይዛለች።